ጡቴ በየወሩ የሚያመኝ ሆርሞኔ በዝቶ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም እህት፣ እንደምን ሰነበትሽ? የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ አልወለድኩም። ላለፉት ሁለት ዓመታት የወር አበባዬ ሊመጣ አንድ ሳምንት ወይም አስር ቀን ሲቀረው ሁለቱም ጡቶቼ ይከብዱኛል፣ ያብጣሉ፣ ልብስ ሲነካቸው እንኳ ያማሉ። ስዳስሳቸው ውስጣቸው ጠጠር የተበተነበት ይመስላል። ደሜ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግን ሁሉም ነገር ጥፍት ይላል። “ሆርሞንሽ በዝቶ ነው” ሲሉኝ ደም ተመረመርኩ፤ “ኖርማል ነው” ተባልኩ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ “ኢስትሮጅን እኮ ካንሰር ያመጣል፣ እንዲህ ካመመሽ እየጀመረሽ ነው” አለችኝና ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ይባስ ብሎ የ11 ዓመቷ እህቴ በግራ ጡቷ ጫፍ ስር ጠንካራ ነገር ወጣባትና “እኔም እንዳንቺ ታመምኩ” ብላ አለቀሰች። እባክሽ “አይዞሽ” ብቻ ብለሽ አትለፊኝ። ምን እየሆነ እንደሆነ ንገሪኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከትንሿ እህትሽ ልጀምር። አንቺ ትንሽ ትታገሺኛለሽ፤ እሷ ግን ዛሬ ማታ በሰላም መተኛት አለባት።

በጡቷ ጫፍ ስር የወጣው ጠንከር ያለ፣ ክብ፣ ሲነኩት የሚያም ነገር በሽታ አይደለም። ጡቷ ነው። መብቀል ጀመረ ማለት ነው። አብዛኞቹ ልጃገረዶች ላይ ይህ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ይታያል። በአንድ በኩል ቀድሞ መውጣቱም የተለመደ ነው፤ ሌላኛው ጎን ሳምንታት ወይም ወራት ዘግይቶ ይከተላል። ስምንት ዓመት ሳይሞላት የጀመረ ቢሆን፣ ወይም ቆዳው ቀልቶ ትኩሳት ቢኖራት፣ “ሐኪም ዘንድ ውሰጃት” እልሽ ነበር። አሁን ግን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም እንዳይጨምቀው፣ እንዳያሸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ “እጢ ነው፣ ይውጣ” ብሎ እንዳይቆርጠው። ያቺ ትንሽ እምቡጥ ጡቷ በሙሉ የሚወጣባት ናት። እሷን ቆርጦ ያወጣ ሰው የልጅቷን ጡት ቆርጦ አወጣ ማለት ነው።

እህትሽ “እንዳንቺ ሆንኩ” ማለቷ ደግሞ ሳታውቀው ትክክል ነው። እሷንም አንቺንም የሚያማችሁ ነገር ምንጩ አንድ ነው። ሁለቱ ኦቫሪዎች፣ ማለትም ከማህፀን ግራና ቀኝ ያሉት እንቁላል የሚያዘጋጁት እጢዎች፣ ሆርሞን በሚባሉ በደም ውስጥ በሚዞሩ ንጥረ ነገሮች አማካይነት ለጡት መልእክት ይልካሉ። የእሷ ገና መላክ መጀመራቸው ነው፤ የአንቺ በየወሩ ይልካሉ።

አሁን ወዳንቺ።

ብዙ ሰው ጡትን በጉርምስና አድጎ ያለቀ አካል አድርጎ ያስበዋል። ልብም ኩላሊትም እናታችን ሆድ ውስጥ ሳለን ቅርጻቸውን ይይዛሉ። ጡት ግን እንደዚያ አይደለም። ስንወለድ ያለን ከጡት ጫፍ ወደ ውስጥ የገቡ ጥቂት አጫጭር ቱቦዎች ብቻ ናቸው፤ ለዓመታት እዚያው ቆመው ይጠብቃሉ። በጉርምስና ከኦቫሪ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን መምጣት ሲጀምር፣ ከአንጎል ስር ያለችው የፒቱታሪ እጢ ከምትልከው የእድገት ሆርሞን ጋር ሆኖ፣ ቱቦዎቹ ይረዝማሉ፣ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ በዙሪያቸውም ስብና ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ ይሞላል። በአዋቂ ሴት ጡት ውስጥ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ቱቦ አለው፤ ቱቦው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለ ሄዶ ጫፉ ላይ በትንንሽ ዘለላዎች ያልቃል። ወተት የሚሠራው በእነዚያ ዘለላዎች ውስጥ ነው። ካላረገዝሽ ደግሞ ዘለላዎቹ ጅምር ሆነው ነው የሚቆዩት። የ29 ዓመት ሴት ጡት፣ እንደ ሥራ ቦታ ካሰብነው፣ ሠራተኛው ተቀጥሮ ሥራው ያልተጀመረበት ነው።

ታዲያ በየወሩ ምን ይሆናል?

የወር አበባሽ ከመጣበት ቀን አንስቶ ቁጠሪ። በመጀመሪያው አጋማሽ ኦቫሪሽ በዋናነት ኢስትሮጅን ይልካል። ኢስትሮጅን ጡት ላይ የሚሠራው ነገር ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ለአንቺ ጥያቄ ቁልፍ ነው። የጡት ሴሎች ለሁለተኛው ሆርሞን፣ ለፕሮጄስትሮን፣ ተቀባይ እንዲያወጡ ያደርጋል። ተቀባይ ማለት መልእክቱ የሚገባበት በር ነው። በሩ ከሌለ የፈለገውን ያህል ሆርሞን በደም ውስጥ ቢዞር ያ ሴል አይሰማም። ስለዚህ ኢስትሮጅን ቀድሞ በሩን ይከፍታል፣ ፕሮጄስትሮን ተከትሎ ይገባል።

እንቁላል ከወጣ በኋላ፣ በ28 ቀን ዑደት ከ14ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ ማለት ነው፣ እንቁላሉ የወጣበት ትንሽ ከረጢት ወደ ጊዜያዊ እጢ ይቀየርና ፕሮጄስትሮን ማፍሰስ ይጀምራል። በደም ውስጥ ያለው የፕሮጄስትሮን መጠን በቀናት ውስጥ ከአስር እጥፍ በላይ ያድጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ የሕክምና ነገር የሚያውቀውም ጭምር፣ ይሳሳታል። ማህፀን ላይ ያለው ሕግ ጡት ላይም ይሠራል ብሎ ያስባል። ማህፀን ላይ ኢስትሮጅን ሽፋኑን ያበዛል፣ ፕሮጄስትሮን ደግሞ “በቃ” ብሎ ያስቆመዋል። ጡት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጡት ቱቦና ዘለላ ሴሎች በብዛት የሚከፋፈሉት በሁለተኛው አጋማሽ፣ ፕሮጄስትሮን ከፍ ባለበት ጊዜ ነው። አንድ ሴት፣ ያው ሆርሞን፣ ሁለት አካል ላይ ሁለት የተለያየ ሥራ።

ለምን ቢባል፣ ጡት በየወሩ ለእርግዝና እየተሰናዳ ነው። እንቁላል ወጥቷል፤ ምናልባት ፅንስ ይኖራል፤ ፅንስ ካለ ወተት ያስፈልጋል። ጡት እርግዝናው እስኪረጋገጥ ቆሞ አይጠብቅም። ዘለላዎቹ ያብባሉ፣ በዙሪያቸው ያለው ሕብረ ሕዋስ ውሃ ይይዛል፣ የደም ፍሰቱ ይጨምራል፣ የጡቱ መጠንም ያድጋል። “አበጠብኝ” ያልሽው በስሜትሽ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በምስል ሲለካ የሚታይ ነገር ነው። “ጠጠር የተበተነበት” ያልሽውም እነዚህ ዘለላዎችና በዙሪያቸው ውሃ የያዘው ሕብረ ሕዋስ ናቸው። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ ምክንያት አለኝ። እኔም በሃያዎቹ ውስጥ ሳለሁ ይህንኑ ሕመም ይዤ ሄጄ “ጭንቀት ነው፣ አታስቢበት” ተብዬ ተመልሻለሁ። ጭንቀት አልነበረም። ጡቴ ነበር ያበጠው።

እርግዝና ካልተፈጠረ ያ ጊዜያዊ እጢ በሁለት ሳምንት ገደማ ይከስማል። ኢስትሮጅንም ፕሮጄስትሮንም አብረው ይወርዳሉ፤ ማህፀን ሽፋኑን ይጥላል፤ ጡትም አዲስ ከተፈጠሩት ሴሎች ብዙዎቹን ራሳቸውን እንዲያጠፉ ያደርጋል። ይህ በሽታ ወይም ጉዳት አይደለም። ሴሎቹ በሥርዓት ይፈርሳሉ፣ ፈሳሹ ይመጠጣል፣ ጡቱም ይላላል። ደምሽ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን “ጥፍት ይላል” ያልሽው ይህን ነው። ከዚያ እንደገና ይጀመራል።

ስለ ሴሎቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የሆርሞኑን መልእክት የሚቀበሉት የቱቦው ሴሎች ሁሉ አይደሉም፤ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ተቀባይ ያላቸው ሴሎች ራሳቸው ደግሞ፣ በጤነኛ ጡት ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይከፋፈሉም። መልእክቱን ሰምተው ለጎረቤቶቻቸው ሌላ ምልክት ይልካሉ፣ ጎረቤቶቹ ይከፋፈላሉ። ልክ መንደር ውስጥ ደብዳቤ ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ሆነው ለሌላው እንደሚያነቡለት። ይህን ያዢልኝ፣ ስለ ካንሰር ስናወራ እመለስበታለሁ።

አሁን የደም ምርመራሽ። “ኖርማል ነው” መባልሽና ማመሙ የሚጋጩ መስሎሽ ተቸግረሻል። አይጋጩም። በየወሩ ጡታቸውን የሚያማቸው ሴቶችና የማያማቸው ሴቶች የኦቫሪ ሆርሞን መጠናቸው ሲነጻጸር በአብዛኛው ልዩነት የለውም። ልዩነቱ ያለው በሚሰማው ሕብረ ሕዋስ በኩል ይመስላል፤ የአንዷ ጡት ያንኑ መልእክት ጮክ ብሎ ይሰማዋል፣ የሌላዋ በለሆሳስ። በዚያ ላይ ሆርሞኖቹ በየቀኑ ስለሚለዋወጡ አንድ ቀን የተወሰደ ደም ስለ ወሩ ሙሉ ብዙ አይናገርም። ስለዚህ “ሆርሞንሽ በዝቷል” ብሎ የሚያስተካክል፣ የሚያጠራ፣ የሚያመጣጥን መድኃኒት ወይም እንክብል ሊሸጥልሽ የሚመጣ ሰው ካለ ገንዘብሽን አትስጪው። ያልበዛ ነገር አይቀነስም።

ወደ ከባዱ ጥያቄ እንሂድ። ኢስትሮጅን ካንሰር ያመጣል?

ባልደረባሽ ከእውነት አንድ ቁራጭ ይዛለች። የኦቫሪ ሆርሞኖችና የጡት ካንሰር ግንኙነት አላቸው፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። ይህ የታወቀው ሆርሞኖቹ ስም ሳይወጣላቸው በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ጆርጅ ቢትሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ካንሰራቸው የተስፋፋ ሴቶችን ኦቫሪ ሲያወጣ የጡታቸው የካንሰር እጢ መሟሸሹን ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ ጻፈ። ሐሳቡ የመጣለት ከላሞች ነው። አርቢዎች ላም ከወለደች በኋላ ኦቫሪዋን ቢያወጡት ወተቷ ሳይነጥፍ እንደሚቆይ ያውቁ ነበር፤ እሱም “ኦቫሪ ጡትን ከሩቅ የሚያዝ ከሆነ የታመመውንም ጡት ያዛል” ብሎ ተነሳ። ኢስትሮጅን ተነጥሎ የታወቀው ግን ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1929 ነው። ዛሬ ከአስር የጡት ካንሰሮች ሰባቱ ወይም ስምንቱ ገደማ የኢስትሮጅን ተቀባይ እንዳላቸው ይታወቃል። ጎረቤቶቹ ያልኩሽን አስታወስሽ? በእነዚህ ካንሰሮች ውስጥ ያ ሥርዓት ይፈርሳል፤ ተቀባይ ያላቸው ሴሎች ራሳቸው መከፋፈል ይጀምራሉ። ታሞክሲፈን የተባለው መድኃኒት የሚሠራውም ያንን በር በመዝጋት ነው።

ነገር ግን “ግንኙነት አለው” እና “አሁን እየጀመረሽ ነው” በጣም የሚራራቁ ነገሮች ናቸው። ሆርሞኑ አደጋው ላይ የሚጨምረው በአሥርተ ዓመታት ድምር ነው፣ በአንድ ወር ሕመም አይደለም። ለምሳሌ የወር አበባዋ በአንድ ዓመት ቀድሞ የመጣባት ሴት አደጋዋ በ5 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ በአንድ ዓመት ዘግይታ ያረጠች ደግሞ በ3 በመቶ ገደማ። እነዚህ ትንንሽ ቁጥሮች ናቸው፣ ግን ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል፤ ብዙ ዑደት ማለት ሴሎቹ ብዙ ጊዜ ተከፋፈሉ ማለት ነው፣ ሴል በተከፋፈለ ቁጥር ደግሞ ስህተት ሊፈጠር ይችላል። በሌላ በኩል መውለድና ማጥባት ይቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ከ30 አገሮች የተሰበሰበ ትልቅ ትንተና እያንዳንዱ ወሊድ በ7 በመቶ፣ እያንዳንዱ የ12 ወር ማጥባት ደግሞ በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህን ስነግርሽ “ቶሎ ውለጂ” እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ልጅ የሚወለደው ለልጁ ነው፣ ለመቶኛ አይደለም።

ፕሮጄስትሮን ጡት ላይ ዝም እንደማይል የታየበት ሌላ ጊዜም አለ። በዚያው በ2002 አሜሪካ ውስጥ ካረጡ ሴቶች ጋር ይካሄድ የነበረ ትልቅ ጥናት፣ ኢስትሮጅንን ፕሮጄስትሮን መሰል ከሆነ ሠራሽ ሆርሞን ጋር የሚወስዱት ሴቶች ላይ፣ ከጊዜው በፊት ቆመ። በዓመት ከ10,000 ሴቶች መካከል ስምንት ተጨማሪ የጡት ካንሰር ታይቶ ነበር። ማህፀናቸው የወጣላቸውና ኢስትሮጅን ብቻ የወሰዱት ሴቶች ላይ ግን ጭማሪው አልታየም። “ሁሉም ጥፋት የኢስትሮጅን ነው” ለሚሉ ሰዎች ይህን ንገሪያቸው። ይህ ግን ስላረጡ ሴቶችና ስለ መድኃኒት ነው፤ የአንቺ የየወሩ ዑደት ላይ በቀጥታ አይገለበጥም።

የአንቺ ሕመም ራሱስ? ከወር አበባ ጋር የሚመጣና የሚሄድ፣ ሁለቱንም ጡት የሚይዝ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይና ወደ ብብት በኩል የሚበረታ ሕመም ከጡት ሕመሞች ሁሉ በጣም የተለመደው ነው። የካንሰር ምልክት ተደርጎ አይቆጠርም። ካንሰር ቀን ቆጥሮ አይሄድም። ደምሽ ስለመጣ አይጠፋም።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? ዛሬውኑ የቀን መቁጠሪያ ያዢ፣ ስልክሽ ላይም ይሁን ወረቀት ላይ። በየቀኑ ሕመሙን ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር ስጪው፤ ደም የመጣበትን ቀን ምልክት አድርጊ። ቢያንስ ለሁለት፣ ቢቻል ለሦስት ዑደት። ይህ ከማንኛውም የሆርሞን ደም ምርመራ ይልቅ ለሐኪም የሚጠቅም መረጃ ነው፤ ለአንቺም። ጡትሽን መዳሰስ ከፈለግሽ ደም ከመጣ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ አድርጊው፣ በዚያን ጊዜ ነው በጣም የሚለሰልሰው። ያበጠ ሰሞን አትዳስሺ። ሁሉም ነገር እብጠት ይመስልሻል፣ በከንቱ ትሸበሪያለሽ።

ልክሽ የሆነና በደንብ የሚደግፍ ጡት መያዣ አድርጊ፣ ሕመሙ ከበረታ ማታም ጭምር። ብዙ ሴት ልኳን ሳታውቅ ዓመታት ታሳልፋለች፤ ይህ ቀላል ነገር የምር ያግዛል። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በከፋው ቀን መውሰድ ይቻላል። ቆዳ ላይ የሚቀባ ዲክሎፌናክ ጄልም ለብዙዎች ይሠራል፤ የጨጓራ ችግር ካለብሽ እንዲያውም እሱ ይሻላል፣ ፋርማሲስት አማክሪ። የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስጂ ከሆነና ሕመሙ ከእሱ ጋር ከጀመረ ዓይነቱን ስለመቀየር ከሐኪም ጋር ተነጋገሪ። ቡና ማቆም ሲረዳቸው ያዩ ሴቶች አሉ፣ ጠንካራ ማስረጃ ግን የለውም። ፕሪምሮዝ ከሚባል አበባ ዘር የሚወጣው ዘይትም በጥናት ሲፈተሽ ከባዶ እንክብል የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ሕመሙ ሥራሽንና እንቅልፍሽን የሚያሳጣ ከሆነ ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ጠንካራ መድኃኒቶች አሉ። ጎንዮሽ ጉዳት አላቸውና ወደ እነሱ የሚኬደው በመጨረሻ ነው፤ ቢሆንም መኖራቸውን እወቂ። “ሴት ነሽ ቻይው” የሚል መልስ አትቀበዪ።

የወር አበባሽ ቀኑ አልፎ ጡትሽ አሁንም ካበጠ፣ እርግዝና ሊሆን የሚችልበት ሁኔታ ካለ፣ መጀመሪያ እሱን ተመርመሪ። ጊዜያዊ ያልኩት እጢ ፅንስ ካለ አይከስምም፣ ጡትም ሥራውን ይቀጥላል።

አሁን የማልደራደርባቸውን ልንገርሽ። ደምሽ መጥቶ ሄዶም እዚያው የቀረ እብጠት፣ በተለይ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያለና ጠንካራ ከሆነ። በአንድ ጡት ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ ያለና ከዑደትሽ ጋር የማይሄድ ሕመም። ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ ሲመስል፣ ሲጎደጉድ ወይም ሲቀላ። ከዚህ ቀደም ያልነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት። ሳትጨምቂው ከአንድ ጡት ጫፍ የሚወጣ ፈሳሽ፣ በተለይ ደም የቀላቀለ። በብብት ውስጥ እብጠት። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ቀን መቁጠሪያውን ተዪውና ሳትውይ ሳታድሪ ተመርመሪ። በአንቺ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው አልትራሳውንድ ነው፤ ጡትሽ ገና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ብቻውን በደንብ ላያሳይ ይችላል። እናትሽ፣ እህትሽ ወይም አክስትሽ በጡት ወይም በኦቫሪ ካንሰር ታመው ከነበረ ያንን ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው፣ የክትትሉን ዕቅድ ይቀይረዋል።

ለባልደረባሽ ብዙ አትቆጪ። የሰማችውን ነው የነገረችሽ፣ ምናልባት እሷንም በየወሩ ያማት ይሆናል።

እህትሽን ደግሞ ዛሬ ማታ አጠገብሽ አስቀምጫትና የሁለታችሁ ሕመም ከአንድ ቦታ እንደሚመጣ ንገሪያት። ልስልስ ያለ፣ የማይጠብቅ የልጃገረድ ጡት መያዣ ግዢላት። ሌላኛው ጎን ሲከተል መጀመሪያ ለአንቺ እንድትነግርሽ አድርጊ። ያንቺን የሦስት ወር ቀን መቁጠሪያ ደግሞ ስትጨርሺው ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።